ሱቅ ከታች፣ ቤት ከላይ፦ የለንደኑ አርቲለሪ ሌን ቁጥር 56 ሲነበብ

በምሥራቅ ለንደን፣ ከሊቨርፑል ስትሪት ባቡር ጣቢያ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ርቆ፣ አርቲለሪ ሌን የሚባል ጠባብ መንገድ አለ። በዚህ መንገድ ላይ ቁጥር 56 የሚል ምልክት ያለበት ቤት ከሥር የእንጨት ዓምዶችና ሆዳቸውን ወደ መንገዱ የገፉ መስኮቶች ያሉት ሱቅ፣ ከላይ ደግሞ ጌጥ ያልበዛበት የጡብ መኖሪያ ሆኖ ይታያል። ግራና ቀኙ ከጎረቤት ቤቶች ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ከፊቱ በቀር የሚታይ ጎን የለውም። የእንግሊዝ መንግሥት ይህን ሕንፃ በአንደኛው የጥበቃ ደረጃ መዝግቦታል፤ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራልም የተመዘገበው በዚያው ደረጃ ነው። ቅርስ ሲባል ቤተ መንግሥትና ቤተ እምነት ቀድሞ ለሚታየው አንባቢ የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ከካቴድራል ጋር እኩል መመዝገቡ እንግዳ ነገር ሊሆንበት ይችላል። ምክንያቱን ለመረዳት ቤቱ ለምን እንዲህ እንደ ተሠራ፣ ሱቁ እንዴት ሳይለወጥ እንደ ቆየ፣ የጥበቃ ምዝገባ የሚባለውም ነገር በሥራ ላይ ምን እንደሚመስል ማየት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ቤቱ የተያያዥ ቤቶች ወገን ነው። ተያያዥ ቤት የሚባለው በአንድ ረድፍ ከተሠሩና ግራና ቀኝ ግድግዳቸውን ከጎረቤት ጋር ከሚጋሩ ቤቶች አንዱ ነው። ለንደን ውስጥ ይህ አሠራር የተስፋፋው ለመንገድ ፊት የሆነው መሬት ውድ ስለ ነበረ ነው፤ ለመንገድና ለፍሳሽ ማስወገጃ የሚወጣው ወጪም በፊት ለፊቱ ርዝመት ስለሚከፋፈል፣ ጠባብ ፊትና ረጅም ጓሮ ያለው ቦታ ለባለመሬቱም ለግንበኛውም አዋጭ ነበር። በጎን መስፋት ያልቻለው ቤት ወደ ላይና ወደ ኋላ ያድጋል። ብርሃን የሚገባው ከፊትና ከጀርባ ብቻ በመሆኑም በየፎቁ አንድ ክፍል ወደ መንገዱ፣ አንድ ክፍል ወደ ጓሮው ይሠራል፤ መወጣጫ ደረጃው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው ክፍል ጎን ይወሸቃል። ይህ ቀላል ንድፍ ከሁለት መቶ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ለመኳንንትም ለሸማኔም አገልግሏል። ልዩነቱ የስፋትና የጌጥ እንጂ የአሳብ አልነበረም።

ሊዝ ለኢትዮጵያ ከተማ ነዋሪ አዲስ ቃል ስላልሆነ የእነዚህን ቤቶች ገንዘብ ነክ ታሪክ መረዳት አያስቸግረውም። ባለመሬቱ መሬቱን አይሸጥም፤ ለተወሰኑ ዓመታት በሊዝ ለግንበኛ ይሰጣል። ግንበኛው ቤቱን እስኪጨርስ ድረስ የሚከፍለው ኪራይ ለስም ያህል ብቻ ሲሆን፣ በውሉ ላይ አንዳንድ ጊዜ «አንድ ፍሬ ቁንዶ በርበሬ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ግንበኛው ቤቱን ሳይጨርስ ወይም እንደ ጨረሰ ሊዙን ለሌላ ያስተላልፍና በትርፉ ቀጣዩን ይጀምራል። የሊዙ ዘመን ሲያልቅ ደግሞ መሬቱም በላዩ ያለው ቤትም ለባለመሬቱ ይመለሳሉ። ቤቱ ከውሉ ዘመን በላይ እንዲቆም የሚያስገድድ ነገር ስላልነበረ ግንበኞች ጥሩውን ጡብ ለፊት፣ ርካሹን ለውስጥ ያደርጉ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ያለው ትስስርም ብዙ ጊዜ ደካማ ነበር። ዛሬ ሚሊዮኖች የሚያወጡት የለንደን አሮጌ ቤቶች የፊት ግድግዳቸው ሲያብጥና ከውስጡ ግንብ ሲላቀቅ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ እስከሚገባኝ ድረስ፣ ያማረው የፊት ገጽ በከፊል የሽያጭ ማስታወቂያ ነበር።

የቤቶቹን ፊት አንድ ወጥ ያደረገው ግን የግንበኞች ምርጫ ብቻ አልነበረም። በ1666 የተነሣው ታላቁ የለንደን ቃጠሎ በእንጨት የተሠራችውን አሮጌ ከተማ ካወደመ በኋላ፣ በ1667 የወጣው የዳግም ግንባታ ሕግ የውጭ ግድግዳዎች በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠሩ አዘዘ፤ ቤቶችንም በአራት ዓይነት ከፍሎ የፎቅ ብዛታቸውንና የግድግዳ ውፍረታቸውን ወሰነ። በ1707 የወጣ ሌላ ሕግ ከጣሪያው ጠርዝ ወደ ውጭ የሚወጣውን የእንጨት ጌጥ ከለከለ፤ እሳት ከቤት ወደ ቤት የሚዘለው በዚያ በኩል ስለ ነበረ ነው። የፊት ግድግዳው ከጣሪያው በላይ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጣሪያውን የሚሸፍነው፣ የጋራ ግድግዳዎቹም ከክዳኑ በላይ ብቅ የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። በ1709 ደግሞ የመስኮት ፍሬም ከግድግዳው ፊት አራት ኢንች፣ ማለትም ዐሥር ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ወደ ውስጥ እንዲገባ ተደነገገ። ደንቡ በሁሉም ሰፈር በአንድ ጊዜ ስላልተከበረ፣ ቤት የተሠራበትን ዘመን በመስኮቱ ጥልቀት ብቻ ለመወሰን የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። በ1774 የወጣው የሕንፃ ሕግ እነዚህን ደንቦች ይበልጥ አጠበቀ።

አካባቢው ስፒታልፊልድስ ይባላል። አርቲለሪ ሌን ስሙን ያገኘው ከቱዶር ነገሥታት ዘመን ጀምሮ ለተኩስ መለማመጃ ያገለግል ከነበረው በአቅራቢያው ካለ ሜዳ ነው፤ ሜዳው በ1682 ለቤት መሥሪያ ተሸጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1685 የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ለፕሮቴስታንቶች የእምነት ነፃነት የሰጠውን የናንት አዋጅ ሻረ። በዚህ ጊዜ ሁጉኖት የሚባሉት ፈረንሳውያን ፕሮቴስታንቶች በገፍ ተሰደዱ፤ ወደ እንግሊዝ የገቡት 50 ሺህ ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። እንግሊዝኛ ዛሬ ስደተኛን የሚጠራበት ቃል የተስፋፋው ከእነርሱ ጋር ነው። ከስደተኞቹ ብዙዎቹ የሐር ሸማኔዎችና ነጋዴዎች ነበሩ፤ የሰፈሩትም ከከተማው ቅጥር ውጭ፣ የከተማው የሙያ ማኅበራት ቁጥጥር በላላበት በስፒታልፊልድስ ነበር። በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ሰፈሩ የእንግሊዝ የሐር ሥራ ማእከል ሆነ። በሸማኔዎቹ ቤቶች ጣሪያ ሥር ያሉት ክፍሎች ከዳር እስከ ዳር መስኮት የሆኑት ቀጭኑን የሐር ክር ለማየት የቀን ብርሃን ስለሚያስፈልግ ነው።

ቁጥር 56 እና ጎረቤቱ 58 ከዚህ ታሪክ የወጡ ናቸው። የመንገዱ ይህ ክፍል ያን ጊዜ ሬቨን ሮው ይባል ነበር፤ የአሁኑን ስም ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ቀደም ብለው የነበሩት ቤቶች በ1750ዎቹ አጋማሽ ኒኮላስ ዦርደንና ፍራንሲስ ሪቦ ለተባሉ የሁጉኖት ዘር ያላቸው የሐር ነጋዴዎች እንደገና ተሠርተው የቅንጦት ሱቅ ሆኑ። ነጋዴው ከሥር ይሸጣል፤ ከላይ ከቤተሰቡ ጋር ይኖራል። የመጀመሪያው ፎቅ ክፍሎች ከሁሉም የበለጠ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ ግድግዳቸውም በተቀረጸ እንጨት የተለበጠ ነው፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የመስኮቶቹ ቁመት ያጥራል፣ ጌጡም ይቀንሳል። ከፍ ያለ ደንበኛ ከሱቁ አልፎ ወደ መጀመሪያው ፎቅ ሊጋበዝ ይችላል፤ በጣሪያ ሥር የሚያድሩትን ሠራተኞች ክፍል ግን የሚያይ እንግዳ የለም።

አሁን ወደ ሱቁ ፊት እንምጣ፤ ሕንፃውን ስመ ጥር ያደረገው እርሱ ነውና። ከእንጨት የተሠራ ነው። የሱቁ በር መካከል ላይ ሆኖ በግራና በቀኙ ወደ መንገዱ የቆለመሙ ሁለት የማሳያ መስኮቶች አሉ፤ ዶሪክ በሚባለው ጥንታዊ ስልት የተቀረጹ ዓምዶች ክፍሉን ይለያዩታል። ከዚህ ሌላ ለመኖሪያው የተለየ በር አለ፤ በላዩም ሮኮኮ በሚባለው የዘመኑ ፋሽን የተሠራ ቅርጽ ተቀምጧል። ሁለቱ በሮች መለየታቸው ትርጉም አለው። ሱቅ ውስጥ አልፎ ወደ ቤቱ የሚገባ ቸርቻሪ ነው፤ የራሱ የመኖሪያ በር ያለው ግን ሱቅ ያለው ጨዋ ነው። የስደተኛ ልጆች የሆኑት እነዚህ ነጋዴዎች ለአንድ በር ጭማሪ ቦታ ከጠባቡ ፊታቸው ቀንሰው መስጠታቸው በእንግሊዝ ኅብረተሰብ ውስጥ የትኛውን ስፍራ ይመኙ እንደ ነበር በግልጽ ይናገራል ብዬ አስባለሁ።

የመስኮቶቹ መቆልመምም ለውበት ብቻ አልነበረም። በጠባብ መንገድ የሚሄድ ሰው ሱቁን ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን ነው የሚያየው፤ ጠፍጣፋ መስኮት ለእንዲህ ዓይነት መንገደኛ የማይታይ ሲሆን፣ ወደ ውጭ የወጣው ግን ከሩቅ ይታያል፤ ተጨማሪ ብርሃንም ወደ ውስጥ ያስገባል። ሐር ደግሞ ቀለሙና ወዙ በቀን ብርሃን ካልታየ የማይሸጥ ዕቃ ነው። ችግሩ ሁሉም ነጋዴ እንዲሁ ማሰቡና እግረኛ መሄጃ ማጣቱ ነበር። ስለዚህ የ1774ቱ ሕግ የሱቅ መስኮት በሰፊ መንገድ ከ10 ኢንች፣ በጠባብ መንገድ ከ5 ኢንች በላይ እንዳይወጣ ገደበ። ቁጥር 56 ከዚህ ሕግ በፊት የተሠራ ነው። ዛሬ በርሱ የሚታወቅበት ቁጥርም ከሱቁ ፊት በኋላ የመጣ ነው፤ ሱቆች በዚያ ዘመን የሚታወቁት በር ላይ በሚንጠለጠል ሥዕል ያለበት ምልክት ሲሆን፣ ለንደን ውስጥ ከ1762 ጀምሮ እነዚህ ምልክቶች በሕግ እየተነሡ ነው የቤት ቁጥር የተለመደው።

የመስታወቱ ትናንሽ መሆንም የቴክኒክና የግብር ውጤት ነው። የዘመኑ ጥሩ መስታወት የሚሠራው የቀለጠውን መስታወት በብረት ዘንግ ጫፍ በፍጥነት በማሽከርከር እንደ ምጣድ ክብ ሆኖ እንዲዘረጋ በማድረግ ነበር። ከዚህ ክብ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይቆረጣሉ፤ መካከሉ ላይ ዘንጉ የተያያዘበት እብጠት ግን ቆሻሻ ተብሎ ለጓሮ መስኮት ይውላል ወይም ተመልሶ ይቀልጣል። አሮጌ ለመምሰል የሚፈልጉ የዛሬ ሱቆች ያንኑ እብጠት ያለበትን መስታወት በዋናው መስኮታቸው ላይ ሲያስገቡ ማየት ፈገግ ያሰኛል፤ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነጋዴ ቢያየው ያፍር ነበር። ከ1746 ጀምሮ በመስታወት ላይ በክብደት የሚከፈል ግብር ተጣለ። ግብሩ በ1845 እስኪነሣ ድረስ ትልቅና ወፍራም መስታወት የጥቂቶች ቅንጦት ሆኖ ቆየ።

ዐይን የማያየውን አንድ ክፍል ደግሞ ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም። ተራ ቤት ምድር ቤቱ ላይ ግድግዳና ትንንሽ መስኮቶች ስላሉት የላይኛው ጡብ የሚያርፍበት አለው። ሱቅ ሲሆን ግን ያ ግድግዳ ይነሣና መስታወት ይገባል፤ ከላይ ያለው የሦስትና የአራት ፎቅ ጡብ በምን ላይ ይቆማል? መልሱ ከአንዱ የጋራ ግድግዳ እስከ ሌላው የሚዘረጋ ወፍራም አግዳሚ ግንድ ነው። የሱቁ የስም ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ የሚለጠፈው እርሱን ለመሸፈን ነው። በሱቁ ፊት የሚታዩት ቀጫጭን የእንጨት ዓምዶች በአብዛኛው ጌጥ እንጂ ተሸካሚ አይደሉም። ከሰሌዳው በላይ ያለው ክፈፍ ውሃ ካሳለፈ ግንዱ ከውስጥ በዝግታ ይበሰብሳል፤ ከላይ ባሉት መስኮቶች ሥር ጡቡ መሰንጠቅ ሲጀምር ነው የሚታወቀው። በእነዚህ ሱቅ ያላቸው አሮጌ ቤቶች ላይ የሚሠሩ መሐንዲሶች አስቀድመው የሚፈትሹት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ለንደን በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንዲህ ያሉ ሱቆች ሞልተዋት ከነበረ ሌሎቹ የት ሄዱ? የሱቅ ፊት ከቤት ክፍል ሁሉ ቶሎ የሚለወጥ ነው። የመስታወት ግብር ከተነሣ በኋላ በሀብታሞቹ መንገዶች ያሉ ነጋዴዎች ትናንሾቹን መስኮቶች እየነቀሉ ትልልቅ መስታወት አስገቡ፤ ነጋዴው በተለወጠ ቁጥር ፊቱም ይለወጣል። የቁጥር 58 የሱቅ ፊት እንኳ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ተቀይሯል። ቁጥር 56 የተረፈው፣ በእኔ ግምት፣ ሰፈሩ በመደህየቱ ነው። ከ1766 ጀምሮ የውጭ ሐር እንዳይገባ በመከልከሉ የስፒታልፊልድስ ሸማኔ ተጠብቆ ኖሮ ነበር፤ ክልከላው በ1826 ተነሣ፣ በ1860 ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው የንግድ ውል ደግሞ ሥራውን ጨርሶ አደቀቀው። ሀብታሞቹ ቤተሰቦች ቀድመው ወጥተው ነበር። ሰፈሩ በተራው የድሃ አይሁድ ስደተኞች፣ ኋላም የባንግላዴሽ ሰዎች መኖሪያ ሆነ። በ1743 ለሁጉኖቶች የተሠራው ብሪክ ሌን በሚባለው የሰፈሩ መንገድ ጥግ ያለው ጸሎት ቤት ምኩራብ፣ ከ1976 ጀምሮም መስጊድ የሆነው በዚሁ ሂደት ነው። ለማደስ ገንዘብ የሌለው ተከራይ የድሮውን ሱቅ እንዳለ ይጠቀምበታል። ድህነት ጣሪያን ያፈሳል፤ ፋሽንን ግን አያስገባም።

የሕግ ጥበቃው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የዛሬው የምዝገባ ሥርዓት መሠረቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት የወጣው የ1947 የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ሲሆን፣ አሁን የሚሠራበት ዋናው ሕግ የ1990ው ነው። በእንግሊዝ 400 ሺህ ያህል ምዝገባዎች አሉ፤ አንድ ምዝገባ አንድ ረድፍ ቤት በሙሉ ሊይዝ ስለሚችል የሕንፃዎቹ ቁጥር ከዚህ ይበልጣል። ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው፦ አንድ፣ ሁለት ባለ ኮከብ እና ሁለት። ከመቶ ከ90 በላይ የሆኑት በመጨረሻው ደረጃ ያሉ ሲሆኑ፣ በአንደኛው ደረጃ ያሉት ከመቶ 2.5 ያህል ብቻ ናቸው። ሂስቶሪክ ኢንግላንድ የተባለው መሥሪያ ቤት አጥንቶ ምክር ያቀርባል፤ ይመዝገብ ወይም አይመዝገብ የሚለውን የሚወስነው ግን ሚኒስትሩ ነው። ከ1700 በፊት ተሠርቶ የቀድሞ መልኩን ያልለቀቀ ሕንፃ ሁሉ፣ ከ1700 እስከ 1850 ከተሠሩትም አብዛኞቹ ለምዝገባ ይበቃሉ፤ ለቅርብ ዘመን ሕንፃ ግን ምርጫው እየጠበበ ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተመዘገበው ፊቱ ብቻ እንደ ሆነ፣ ውስጡን እንደ ፈለጉ ማድረግ እንደሚቻል ይታሰባል። ሕጉ ግን በመደበኛው ሁኔታ ሕንፃውን በሙሉ፣ ከውስጥም ከውጭም፣ ከእርሱ ጋር የተያያዘውንም ሁሉ ይይዛል፤ የመወጣጫው ድጋፍ፣ የምድጃው ክፈፍ፣ የግድግዳው ልባጥ ሁሉ በዚያ ውስጥ ነው። የሕንፃውን ባሕርይ የሚነካ ለውጥ ለማድረግ ከአካባቢው ምክር ቤት የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ ማፍረስም ሆነ መለወጥ ወንጀል ነው፤ እስከ ሁለት ዓመት እስራትና ጣሪያ የሌለው የገንዘብ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። ምክር ቤቱ ሕንፃው ወደ ነበረበት እንዲመለስ ለማዘዝ የጊዜ ገደብ ስለሌለበት፣ የቀድሞው ባለቤት ያለ ፈቃድ ያፈረሰውን አዲሱ ገዥ እንዲመልስ ሊገደድ ይችላል። እንዲህ ያለ ሱቅና ቤት ለመግዛት ወይም ለመከራየት የሚያስብ ሰው ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት የፈቃድ ወረቀቶቹን ነው። የመንግሥት ድጎማ ይኖራል ብሎ መጠበቅም ጥሩ አይደለም፤ እስከ 2012 ድረስ ፈቃድ ያገኘ ለውጥ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግን 20 በመቶ ይከፈልበታል።

በሌላ በኩል ምዝገባው የሚጠብቀው አካሉን እንጂ ንግዱን አይደለም። የሐር ሱቅ ለዘለዓለም የሐር ሱቅ ይሁን የሚል ሕግ የለም። ከ2020 ጀምሮ ሱቅ፣ ካፌና ቢሮ በአንድ የአጠቃቀም ምድብ ስለ ተጠቃለሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዛወር የፕላን ፈቃድ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ካፌው የጭስ ማውጫ ቱቦ በግድግዳው ሊያሳልፍ ሲል ወዲያውኑ የቅርሱ ፈቃድ ይጠየቃል። ሱቅን ያለ ሙሉ የፕላን ማመልከቻ ወደ መኖሪያ ቤት ለመለወጥ በ2021 የተከፈተው አጭር መንገድም ለተመዘገቡ ሕንፃዎች አይሠራም።

ጥገናውም የራሱ ሥርዓት አለው። አሮጌው ጡብ የተገነባው በኖራ ነው፤ ኖራ ለስላሳ በመሆኑ ግድግዳው በትንሹ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ እርጥበትንም በራሱ በኩል ያወጣል። በጡቦቹ መካከል ሲሚንቶ የሞላ ሰው ግድግዳውን ያጠነከረ ይመስለዋል፤ ነገር ግን እርጥበቱ በሲሚንቶው መውጣት ስለማይችል በጡቡ በኩል ይወጣል፣ በረዶም ሲመታው የጡቡ ፊት ይፈረፈራል። የዚህ ስሕተት ምልክት በለንደን ግድግዳዎች ሁሉ ላይ ይታያል።

ወደ አርቲለሪ ሌን ስንመለስ፣ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ታሪኩ ሰላማዊ አልነበረም። በ1920ዎቹ ከቁጥር 58 መጀመሪያ ፎቅ የአንዱ ክፍል የእንጨት ልባጥ ተነቅሎ ለአሜሪካው የቺካጎ አርት ኢንስቲትዩት ተሸጠ። የአውሮፓ አሮጌ ክፍሎች ተነቅለው ለአሜሪካ ሙዚየሞች መሸጣቸው በዚያ ጊዜ የተለመደ ነበር። በ1972 ደግሞ ሕንፃዎቹ ላይ እሳት ተነሣ። ለረጅም ጊዜ በችግር ላይ ከቆዩ በኋላ፣ 6ኤ የተባለው የአርክቴክቶች ድርጅት ሁለቱን ቤቶች አጣምሮ አደሳቸው፤ በ2009ም ሬቨን ሮው የሚለውን የመንገዱን የድሮ ስም የያዘ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማሳያ ሆነው ተከፈቱ። ቺካጎ ሄዶ የነበረው ልባጥ ተመልሶ በቀድሞ ቦታው ተገጥሟል። ከኋላ በኩል ለተጨመሩት አዳዲስ ክፍሎች አርክቴክቶቹ አሮጌ የሚመስል ነገር አልሠሩም። ብርሃን የሚያስገባውን የጣሪያ ክፍል ሆን ተብሎ በእሳት በተለበለበ እንጨት ለበጡት፤ ጥቁሩ እንጨት የ1972ቱን ቃጠሎ ያስታውሳል፣ ከመንገዱ ግን አይታይም። ሁለቱ በሮች፣ የሱቁና የመኖሪያው፣ ዛሬም ጎን ለጎን ቆመዋል።